ክኒን በፍትሕ ሲታደል

ክፉ ሰው የሚያደርሰው ጉዳት ልክ አለው። ይደክመዋል፣ ይፈራል፣ አንድ ቀንም ይያዛል። ደግ ሰው ግን… እግዜር ይሰውራችሁ! ደግ ሰው አይደክመውም። በሰላም ቁጭ ባላችሁበት በራችሁን አንኳኩቶ ይገባል፣ ግንባራችሁን ዳብሶ «አይዟችሁ» ይላል፣ ጎድቷችሁ ይወጣል። እናንተም «እግዜር ይስጥልን» ብላችሁ እስከ ደጅ ትሸኙታላችሁ።

«ከየት አወቅሽው?» አትሉኝም? ደጓ እኔ ነኛ!

ስሜ ጥሩነሽ ነው። ስም ያወጡልኝ ሰዎች ትንሽ ቸኩለዋል።

እኔ በዚህ ዓለም ላይ የማልችለው ነገር ቢኖር አድልዎ ነው። በማኅበራችን ዳቦ የምቆርሰው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ቢላዋውን ሲያነሳ እጄን ያሳክከኛል። ሲያትል ውስጥ ሌክ ሲቲ ባለው አፓርታማችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተራ የሚያስከብር ዘበኛ የለም፤ እኔ ግን አለሁ። አንዱ ጎረምሳ ተራ ዘሎ ልብሱን ማሽን ውስጥ ቢከት፣ እርጥቡን እያወጣሁ ቅርጫቱ ላይ እቆልልለታለሁ። እንግሊዝኛዬ አጭር ናት፤ «ኖ! ላይን!» ትላለች፤ ትበቃለች።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ማካፈል ላይ ስንደርስ ትምህርቴ ተቋረጠ። ታዲያ ዕድሜ ልኬን ሳካፍል ብኖር ይገርማል? የማይካፈል ነገር መኖሩን የሚያስተምሩት አምስተኛ ክፍል ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ነገሬ ልግባ። እኔ ቤት አንድ ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። ብስኩቱ ካለቀ ዘመን አልፎታል። ከሀገር ቤት የሚመጣ ሰው «ምን ላምጣላችሁ?» ብሎ ሲደውል ሌላው በርበሬና ሽሮ ያዛል፤ እኔ አሞክሳሲሊን አዛለሁ። በዚያ ላይ የሰው ትራፊ አለ። ሰው ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ይጀምራል፣ ሲሻለው ይተወዋል። የተረፈው ወዴት ይሂድ? ቆሻሻ ይጣል? ነውር አይደለም እንዴ! ወደኔ ይመጣል፤ እኔም ቆርቆሮዬ ውስጥ አስቀምጬ ለታመመ እሰጣለሁ። ሸጬ አላውቅም! ሻይ እንኳን ጠጥቼበት አላውቅም!

ካፕሱሎቹን በመልካቸው ነው የማውቃቸው። ቀይና ቢጫው ለጉሮሮ፣ ሰማያዊው ለጥርስ፣ ነጩ ደግሞ ለ«እንጃ ብቻ አሞኛል»። ሕጉ አንድ ነው፦ ለሁሉም እኩል። እዚሁ ሲያትል አጠገብ ዴ ሞይን የሚኖሩ፣ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ጋሽ ታምሩ የሚባሉ የማኅበራችን ሰው አሉ። አንድ ጊዜ ጥርሳቸው አብጦ መጡና «እኔ እኮ ከሌላው የባሰ ነው የታመምኩት፣ ትንሽ ጨምሪልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እዚህ ቤት ልዩ ጥቅም የለም!» ብዬ እንደ ማንኛውም ሰው ሦስት ፍሬ ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ያን ዕለት በራሴ እንዴት እንደኮራሁ ብነግራችሁ!

በዚህ መሀል ነው አስካለ የታመመችው። አስካለ ከኔ በታች ካለው ፎቅ የምትኖር ጓደኛዬ ናት፤ ጓደኛ የምላት ሌላ ቃል አጥቼ ነው። ሽንቷን ሲያቃጥላት ሐኪም ቤት ሄደች፤ «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው» ብለው መድኃኒት ሰጧትና «ቢሻልሽም እንዳታቋርጪ፣ እስከ መጨረሻው ውሰጂው» አሏት። ጥቂት ቀን እንደዋጠች ማቃጠሉ ጠፋ። ልክ በዚያው ሰሞን ማኅበርተኛው በሙሉ ጉንፋን ይዞት ሲያስል ሲያስነጥስ፣ የኔ ቆርቆሮ ደግሞ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ወረድኩ ወደ አስካለ።

«አስካልዬ፣ ተሻለሽ አይደል?»

«ተመስገን፣ ድኛለሁ።»

«ታዲያ ይሄ የቀረው ምን ይሠራልሻል? ሰው በሳል እያለቀ!»

«ሐኪሙ ጨርሺው ብሎኛል እኮ ጥሩዬ።»

«ሐኪሙ ጋሽ ታምሩ ሲያስሉ አልሰማማ! ለዳነ ሰው መድኃኒት ማስቀመጥ፣ ለጠገበ ሰው እንጀራ መደረብ ነው። ግፍ ነው!»

ግፍ ስል አስካለ አትችልም። ሰጠችኝ። እኔም ለሚያስሉት ሁሉ እኩል እኩል አደልኩ። ያን ቀን እንደኔ ደስ ብሎት የተኛ ሰው በሲያትል አልነበረም።

ጥቂት ሰንብቶ ዳንኤል ኮል አደረገልኝ። ዳንኤል እዚሁ አቅራቢያችን ኬንት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የአማርኛ ሬዲዮ የሚያዘጋጅ ልጅ ነው።

«እማማ ጥሩነሽ፣ ሶ በዚህ ቅዳሜ ስቱዲዮ እንዲመጡልን ፈልገን ነበር። ላይቭ ነው።»

«ስለ ምን?»

«ተሕዋስያን ፀረ-ተሕዋስያን መድኃኒቶችን ስለመላመዳቸው ክስተት።»

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። በኛ ዘመን «ፀረ» የሚል ቃል የተለጠፈበት ሰው በሰላም ቤቱ አያድርም ነበር።

«አንቲባዮቲክ ማለቴ ነው እማማ።»

«እንዲህ አትለኝም! እሱንማ ማን እንደኔ!»

«ኦኬ፣ አንድ ፋርማሲስትም ትኖራለች። ግን እናት ደግሞ ያስፈልገናል። ሕዝቡ እርስዎን ይሰማል።»

ሕዝቡ እርስዎን ይሰማል! በሉ እንግዲህ፣ እንዲህ ያለ ቃል መድኃኒት አለው? ጭንቅላቴ ጣራ ነካ። በዕለቱ ጥለቱ ሰፊ የሆነውን አዲሱን ቀሚሴን ለበስኩ፣ ጸጉሬን ተሠራሁ፣ ሽቶ ተቀባሁ። በመኪና የምትወስደኝ የልጅ ልጄ ቤቲ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«እማማ፣ ሬዲዮ ነው እኮ። ኖባዲ ካን ሲ ዩ።»

«ድምፄ ላይ ያስታውቃል!»

«ዋትስ ዛት?» አለች የታቀፍኩትን ቆርቆሮ እያየች። ከፍታ ተመለከተችው። «ኦ ማይ ጋድ! እማማ፣ ዚስ ኢዝ ኢሊጋል!»

«ኢሊጋሉ ሰው ታሞ እያዩ ዝም ማለት ነው። ንጂ!»

ከመውጣታችን በፊት አስካለን ላያት ጎራ አልኩ። ጋቢ ተከናንባ ሶፋው ላይ ኩርምት ብላለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ብርድ ብርድ ይለኛል ጥሩዬ። ጎኔንም እዚህ ጋ ይወጋኛል። ያም ነገር ተመልሷል… ሐኪሙ ጋ ልመለስ እንዴ?»

«ምን ይልሻል ብለሽ ነው የፈራሽው?»

«መድኃኒቱን ምን አደረግሽው ይለኛላ! ምን ልበለው? አንቺን ላሳጣ?»

እዚህ ላይ ብልህ ሰው ቢሆን ኖሮ ሬዲዮውን ትቶ አስካለን ይዞ ይሮጥ ነበር። እኔ ግን ሕዝቡ የሚሰማኝ ሰው ነኝ!

«አታስቢ። አሁን ሬዲዮው እንዳይረፍድብኝ፤ ስመለስ ከቆርቆሮዬ አንድ ነገር እፈልግልሻለሁ» አልኳትና፣ ፕሮግራሙን በስልኳ ከፍቼላት፣ ስልኩንም ትራሷ ሥር አስተካክዬላት ወጣሁ። ደግ አይደለሁ!

ስቱዲዮው ከአንድ ሱቅ ጀርባ ያለች፣ ከአንድ የመስታወት መስኮት በቀር ግድግዳዋ ሁሉ ስፖንጅ የተለጠፈባት ጠባብ ክፍል ናት። ፋርማሲስቷ ሕይወት ትባላለች፤ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ወረቀት የያዘች ልጅ። የሥርጭቱ መብራት ሲበራ ወረቀቷን ማንበብ ጀመረች። ክስተቱ… መስፋፋቱ… የኅብረተሰቡ ግንዛቤ… ዳንኤል ራሱን ይነቀንቃል፤ እኔም ሲነቀንቅ አይቼ እነቀንቃለሁ። ከቤት የሚሰማው ሰው ድስቱን ሊያማስል የተነሳ ይመስለኛል።

«ሶ እማማ ጥሩነሽ፣» አለ ዳንኤል ውሃ እንደሚወስደው ሰው እኔን እየያዘ፣ «እርስዎ እንደ እናት ስለ አንቲባዮቲክ አጠቃቀም ለሕዝቡ ምን ይመክራሉ?»

ማይኩን ሳብ አደረግኩት።

«እኔ የምመክረው ፍትሕ ነው! አንድ ሰው ሙሉ ብልቃጥ ታቅፎ ጎረቤቱ መታመም የለበትም። እኔ ለምሳሌ ሰው ሲሻለው የተረፈውን እቀበልና ለሚያስለው ሁሉ እኩል አካፍላለሁ። ይኸው ይዤው መጥቻለሁ» ብዬ ቆርቆሮውን ነቀነቅኩት። ሽክ ሽክ ሽክ! በቀጥታ ሥርጭት!

ሕይወት አፏን ከፍታ ቀረች። ከመስታወቱ ወዲያ ቤቲ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭናለች።

«እማማ፣» አለች ሕይወት ቀስ ብላ፣ «ይሄ እኮ… የመላመድ ክስተቱን…»

«ልጄ፣ ወረቀቱን ተይውና አውሪኝ።»

ወረቀቱን ተወችው። እግዜር ይስጣት፣ ከዚያ በኋላ አንደበቷ ተፈታ።

«መድኃኒቱን ሲጀምሩ ቶሎ የሚሞቱት ደካሞቹ ጀርሞች ናቸው። እነሱ ሲሞቱ ሕመሙ ይቀላል፣ የዳንን ይመስለናል። ጠንካሮቹ ግን ገና አልሞቱም። ያኔ ካቋረጡት የሚተርፉት እነሱ ብቻ ናቸው። የሚራቡትም እነሱ ናቸው።»

«ቆይ ቆይ… ደካማው ሞቶ ጉልበተኛው ቀረ ነው የምትይኝ?»

«አዎ።»

«ይሄማ ግፍ ነው!»

«ጉልበተኛው ደግሞ አንድ ሰው ላይ አይቀመጥም። ወደ ጎረቤት፣ ወደ ልጅ ይሄዳል። ያ መድኃኒት ለእነሱም አይሠራም። እማማ፣ የመድኃኒቱ ጉልበት የሁላችንም ነው። ያለ ቦታው የሚያባክነው ሰው የሌላውን ድርሻ ነው የሚበላው።»

ድርሻ! ይህቺ ልጅ ማን ነገራት? በሽታ ያስይዛል ብትለኝ እከራከራት ነበር። ድርሻ በላሽ ስትለኝ ግን ወገቤ ተቆረጠ። እኔ! ተራ አስከባሪዋ! ዳቦ ቆራሿ! ሳላውቀው የስንቱን ሰው ተራ ዘልዬ ኖሬያለሁ ማለት ነው?

አሁንም እጅ አልሰጠሁም። «የሚያስሉት ግን ሁሉም ድነዋል እኮ!»

«ጉንፋን ቫይረስ ነው እማማ። አንቲባዮቲክ አይነካውም። መድኃኒት ባይወስዱም በራሱ ጊዜ ይለቃቸው ነበር።»

እዩልኝ እንግዲህ! ጉንፋኑ በገዛ እግሩ እየሄደ ምርቃቱን እኔ ስሰበስብ ኖሬያለሁ!

ዳንኤል ስልክ ከፈተ። ለፋርማሲስቷ ጥያቄ ይመጣል ብሎ ነው፣ የዋህ!

«ሄሎ፣ ከኬንት ነው። እማማ ጥሩነሽን ለማመስገን ነው። ያቺ የሰጡኝ ሰማያዊዋ…»

«እሺ እህቴ፣ ጥያቄ አለሽ?» አለ ዳንኤል ቶሎ ብሎ።

«አዎ፣ እማማን ልጠይቅ። የልጄን ጆሮ ሲያመው ነጩን ልስጠው ቢጫውን?»

«ምንም እንዳትሰጪው!» አልን እኔና ሕይወት እኩል። ሕይወት ቀጥላ «ሐኪም ጆሮውን ይየው» አለች።

ቀጣዩ ጋሽ ታምሩ ነበሩ። ድምፃቸውን ስሰማ አንገቴ ቀሚሴ ውስጥ ገባ።

«ሶ እኔ አንድ ጊዜ ትንሽ ጨምሪልኝ ብላት ከልክላኝ ነበር። ሲከፋኝ ነው የኖርኩት። ዛሬ ግን በሕዝብ ፊት ይቅር ብያታለሁ። መከልከሏ ጠቀመኝ! የሰጠችኝን ሦስቱንም በከለከለችኝ!»

ዳንኤል ሳቁን ሲውጥ አፍንጫው ተነፋ። ሦስተኛው ስልክ ሲከፈት ግን ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ጥሩዬ… እኔ ነኝ፣ አስካለ።»

ሕይወት ጎንበስ ብላ ማይኩን ያዘች። «እማማ፣ ምን ይሰማዎታል?»

ነገረቻት። ትኩሳቱን፣ ብርዱን፣ ጎኗን፣ ማስታወክም መጀመሯን፤ ሽንቷን ያቃጥላት እንደነበርና መድኃኒቱን እንዳቋረጠችው። ስለማን ብላ እንዳቋረጠችው ግን አልተናገረችም። ሕይወት ከወንበሯ ልትነሳ ምንም አልቀራት።

«እማማ አስካለ፣ ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ጋ ደርሶ ይሆናል። አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለብዎት። አሁን!»

«እሺ ልጄ፣ እግዜር ይባርክሽ። ግን ጥሩነሽ ስትመለስ ከቆርቆሮዋ ትፈልግልኛለች።»

 ሁሉም እኔን አየ። ሐኪም ተናገረ፣ ፋርማሲስት ተናገረች፤ አስካለ ግን የምትሰማው እኔን ነው። ሕዝቡ እርስዎን ይሰማል ያለው ልጅ አልዋሸም፣ ክፋቱ።

«አስካለ፣» አልኩ ማይኩን ጠጋ ብዬ። «ቆርቆሮው ውስጥ ላንቺ የሚሆን ነገር የለም።»

«ጠዋት አለ አላልሽኝም?»

«ብያለሁ። የማላውቀውን ነው ያልኩሽ። ተነሺና ሐኪም ቤት ሂጂ!»

«መድኃኒቱን ምን አደረግሽው ቢለኝስ?»

«ጥሩነሽ ወሰደችብኝ በይው!»

«እንዴት ብዬ? ጓደኛዬን ላሳጣ?»

«አስካለ!» ብዬ ጮህኩ፣ ዳንኤል ማዳመጫውን ከጆሮው ነቀለ። «ከተማው ሁሉ እየሰማን ነው! የቀረኝ ስም የለም! በእናትሽ አሳጪኝ!»

 ቤቲ ከመስታወቱ ወዲያ በስልክ እያወራች አውራ ጣቷን አነሳችልኝ፤ ገና አስካለ ስለ ጎኗ ስትናገር ነው ለካ አምቡላንስ የጠራችው። ዳንኤል ማስታወቂያውን ረሳ፣ ሙዚቃውን ረሳ። እኔ ማይኩን ጨብጬ ማውራት አላቆምኩም፤ ባቆም የምትተኛብኝ መሰለኝ። የአስካለ በር እስኪንኳኳ ድረስ ስንት ወሬ እንዳወራሁ አላስታውስም፤ የሰሙት ሰዎች እስካሁን ይነግሩኛል፣ ግማሹ ሐሜት ነበር አሉ።

ከዚያ በሩ ተንኳኳ፤ ሁላችንም ሰማነው። የአስካለ እግር ሲጎተት፣ በሩ ሲከፈት፣ የወንዶች ድምፅ በእንግሊዝኛ…

«ጫማ! ጫማ!» አለች አስካለ። «ምንጣፍ ነው! ሹዝ ኖ!»

ጫማችሁን አውልቁ ማለቷ ነው፣ ለአምቡላንስ ሠራተኞች! ያን ጊዜ ነው በሕይወት እንዳለች ያመንኩት።

እኔና ቤቲ ደርሰን ስናያት ክንዷ ላይ መርፌ ተተክሎባት ተኝታለች። ሐኪሙ በስክሪን በሚያስተረጉም ሰው በኩል አስረዳን። ኢንፌክሽኑ ኩላሊቷ ደርሷል። በኋላ የምርመራው ውጤት ሲመጣ ደግሞ ያ የመጀመሪያው መድኃኒት ይህን ጀርም አይገድለውም፤ ጀርሙ ለምዶታል። ሌላ፣ ጠንከር ያለ በደም ሥሯ ሰጧት። «ይሄስ እንቢ ካለ?» ብዬ አስተርጓሚውን ጠየቅኩት። ሐኪሙ «እንዳይል ነው የምንፈልገው» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ያኔ ጭንቅ ምን እንደሆነ አየሁ። እግሯ ሥር ተቀምጬ ትኩሳቷን ልካፈላት ብል አይካፈልም። ብርዷን ልካፈላት ብል አይካፈልም። የኔ ማካፈል ለካ የሚሠራው የሰው ንብረት ላይ ብቻ ነው!

አልሞተችም፤ ብትሞት ይሄን ስጽፍላችሁ የምትስቁ አይመስለኝም። ሁለተኛው መድኃኒት እሺ አለ። ትኩሳቷ በለቀቃት ቀን ከአልጋዋ ቀና ብላ የመጀመሪያ ቃሏ ምን ይመስላችኋል? «ሬዲዮ ላይ ድምፄ እንዴት ነበር?»

የቆርቆሮዬን ነገር ሕይወት ጨረሰችው። ያላለቀ መድኃኒት የሚመለስበት ሣጥን ያለበት ፋርማሲ ወሰደችኝና ሁሉንም በገዛ እጄ ከተትኩት። ቀይና ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ነጩ… ሣጥኑ ምንም ሳያዳላ ሁሉንም ዋጠ።

አስካለ ቤቷ ስትገባ ገና የሚዋጥ መድኃኒት ተሰጥቷት ነበር። የሐኪሙን ትእዛዝ ያስፈጸመው ማን እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም። ሰዓቱ በደረሰ ቁጥር ከላይ እወርዳለሁ።

«ዋጥሽ?»

«ዋጥኩ።»

«አፍሽን ክፈቺ! ምላስሽን አንሺ!»

«ኧረ ሴትዮ፣ ፖሊስ ሆንሽብኝ እኮ!»

የመጨረሻዋን ፍሬ የምትውጥበት ቀን ማኅበርተኛው ሁሉ ቤቷ ተሰበሰበ። ዳንኤልም ለሬዲዮው ሊቀዳ ስልኩን ይዞ መጣ፣ ሕይወትም መጣች። አስካለ ልጅ እንደምትድር ሴት ለብሳ፣ ውሃውን በግራ፣ ካፕሱሏን በቀኝ ይዛ መሀል ቆመች። እልል ልንል አፋችንን ስናሰናዳ ሳል ያዘኝ። ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ስመላለስ የያዘኝ ጉንፋን ነው። ሳልኩ፣ ሳልኩ፣ ዓይኔ እንባ እስኪያወጣ።

አስካለ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ እጇን አየች። እኔም ልማዴ ሆኖ እጇን አየሁ፣ ምን ልዋሽ! ካፕሱሏን ላፍ አድርጋ አፏ ውስጥ ከተተች፣ ውሃውን ጭልጥ አድርጋ ጠጣችና ባዶ እጇን ፊቴ ላይ ዘረጋችው።

«ከኔ አንዲት ፍሬ አታገኚም! ሂጂና ተመርመሪ!»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ዕድሜዬን ሙሉ ስስታም ሰው ስገስጽ ነው የኖርኩት፤ እንደዚያች ስስት ያስደሰተኝ ደግነት ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።